ሁለት እርጉዝ በአንድ ጣራ

እትዬ መርፌ የወር አበባዋ ሲቀር አላዘነችም፤ አልደነገጠችምም። አርባውን ካለፈች ቆይታለች። አብረዋት ያደጉት ሴቶች አንድ ባንድ ‹‹እፎይ፣ ተገላገልኩት›› ማለት ከጀመሩ ሰንብተዋል። ‹‹ይኸው የእኔም ተራ ደረሰ›› አለችና ወደ ሥራዋ ሄደች። ለባሏ እንኳ አልነገረችውም። ምን ብላ ትነግረዋለች? እሱ ጎሚስታ ነው። ከጎማና ከንፋስ ሌላ ብዙም የሚገባው ነገር የለም ብላ ታምናለች።

መርፌ ያሏት ፍራሽ ቤት አብረዋት የሚሠሩት ናቸው። ቀጭን ናት፣ ቀጥ ብላ ነው የምትሄደው፣ ምላሷም ይወጋል። እሷም ስሙን ጠልታው አታውቅም። ‹‹መርፌ ባይኖር ይሄኔ ሁላችሁም ራቁታችሁን ነበራችሁ›› ትላቸዋለች። ፍራሽ ቤቱ ቆርቆሮ የለበሰ ረጅም አዳራሽ ነው። ባንዱ ጫፍ ስፖንጅ ይቆረጣል፤ መሀል ላይ ቁርጥራጩ በማስቲሽ ይጣበቃል፤ በወዲያኛው ጫፍ፣ መስኮቱ ሥር፣ እትዬ መርፌ በእግር መኪና ልባሱን ትሰፋለች። የጥጥ ፍራሽ የታዘዘ ቀን ደግሞ መኪናው አይረዳትም። ፍራሹ ላይ በጉልበቷ ትንበረከክና በረጅም መርፌ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ እየወጋች ጥጡን ታስይዘዋለች። ማታ ስትወጣ ቅንድቧ ሳይቀር ነጭ ብናኝ ለብሶ ነው።

ሚጣ በዚያ ሰሞን ካረገዘች ሁለት ወር ሆኗታል፤ ገና ለማንም አልተናገረችም። ሚጣ የእትዬ መርፌ ብቸኛ ልጅ ናት። ከእሷ በኋላ ማህፀኗ ዝም አለ፤ ሐኪምም መፍትሔ አላገኘም፤ ጊዜው ሲሄድ እነሱም መጠየቁን ተዉት። ሚጣ ባለፈው ዓመት አንድ ቀለም ቀቢ አግብታ፣ እዚያው ግቢ፣ ከዋናው ቤት ጋር ጣራ የምትጋራ አንዲት ክፍል ውስጥ ትኖራለች። በግድግዳው በኩል ስታስነጥስ ይሰማል።

አንድ ጠዋት እናቷ በር ላይ ጫማዋን ስታስር መጥታ ፊቷ ተቀመጠች።

‹‹እማዬ፣ አያት ልትሆኚ ነው።››

እትዬ መርፌ የጫማዋን ክር እንደያዘች ቀረች። አፏ ‹‹እሰይ፣ እሰይ የኔ ልጅ›› አለ። ልቧ ግን ቀዝቃዛ ውሃ እንደፈሰሰበት ሆነ። ምክንያት ነበራት። ታላቅ እህቷ በሚጣ ዕድሜ፣ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ስትል ነው የሞተችው። ያኔ እትዬ መርፌ ገና ልጅ ነበረች፤ ነገር ግን ሁሉንም አይታለች። የእህቷ ፊት እንደ ሊጥ ሲነፋ አይታለች። ‹‹ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ ይላል›› ስትል ሰምታለች። ጎረቤቱ ሁሉ ‹‹እብጠት የወንድ ነው፣ ደስ ይበልሽ›› ይል ነበር። ደስ ብሏት ሰነበተች፤ ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ መንቀጥቀጥ ያዛት፤ አበቃ። ወንዱም አልተረፈም። ሚጣ ደግሞ የአክስቷን ቁመና ወስዳለች፦ ያንኑ ትንሽ አንጓ፣ ያንኑ ጠባብ ዳሌ፣ ስትስቅ አንገቷን የምትሰብረው ነገር ሳይቀር። እትዬ መርፌ ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ልጅቷ ባደገች ቁጥር ግን እህቷ እያደገች የምትመጣባት ይመስላት ነበር።

በማግስቱ ራሷ ይዛት ጤና ጣቢያ ሄደች። ተቀብላ ያስተናገደቻቸው ሲስተር ረጋ ያለች፣ ድምጿ ጎርነን ያለ ሴት ናት። ሚጣን ሚዛን ላይ አወጣቻት፤ ግፊቷን ለካቻት፤ ከዚያ ሁለቱንም አስቀምጣ በሰፊው አስረዳቻቸው።

‹‹የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ተንኮለኛ ናቸው›› አለች። ‹‹ሆድሽ አይታይም፣ ሰው አያዝንልሽም፣ አንቺ ግን ትደክሚያለሽ። ያቅለሸልሽሻል፤ ትናንት የወደድሽው ሽታ ዛሬ ያስጠላሻል። ጡትሽ ያምሻል። ያለ ምክንያት ታለቅሻለሽ። ይህ ሁሉ ጤና ነው። ከአራተኛው ወር በኋላ እፎይ ትያለሽ፤ ምግብ ይጥምሻል፤ ልጁም ሲንቀሳቀስ ይሰማሻል። መጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ሸክም ናቸው፦ ቃር፣ ወገብ፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ሽንት ቤት መመላለስ። ቁርጭምጭሚትሽ ማታ ማታ ትንሽ ቢያብጥ አትደንግጪ።›› ከዚያ ጣቷን ቀሰረች። ‹‹ነገር ግን ፊትሽና እጅሽ ካበጠ፣ ራስ ምታት ይዞሽ እምቢ ካለ፣ ዓይንሽ ላይ ብልጭታ ካየሽ፣ ደም ከታየሽ፣ ልጁ መንቀሳቀስ ካቆመ፣ በዚያን ሰዓት ‹ይሻለኛል› የሚባል ነገር የለም። ሩጫ ነው።››

እትዬ መርፌ ከንፈሯን ሰበሰበች። ያን ጊዜ፣ በእህቷ ጊዜ፣ ይህን የሚናገር አንድ ሰው ቢኖር ብላ አሰበች። እያንዳንዷን ቃል ያዘቻት። ለልጇ ነበር የያዘችላት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ከመሄዷ በፊት የሚጣን ክፍል ታንኳኳለች። ገብታ የልጅቷን እግር ጭኗ ላይ ታስቀምጥና ቁርጭምጭሚቷን በአውራ ጣቷ ትጫነዋለች። ጉድጓድ ሆኖ ይቀር እንደሆነ ለማየት ነው። ፊቷን ወደ ብርሃን አዙራ ታያታለች።

‹‹እማዬ፣ ፍራሽ መሰልኩሽ እንዴ?›› ትላለች ሚጣ።

‹‹ዝም በይ። ፍራሽ አይቀብጥም።››

ፍራሽ ቤት ውስጥ ግን የማስቲሹ ሽታ እትዬ መርፌን ራሷን ያጥወለውላት ጀመር። ያን ሁሉ ዓመት እንደ አየር ስትተነፍሰው የኖረችው ሽታ ነው። አንድ ቀን ከመኪናዋ ተነስታ እየሮጠች ወጣችና ከቆሻሻ መጣያው ጀርባ አስታወከች። ስፖንጅ ቆራጯ ጓደኛዋ፣ ድምፀ ትልቋ፣ ቢላዋዋን እንደያዘች ተከትላት ወጣች።

‹‹ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች አሉ! ልጅሽ ታረግዛለች፣ አንቺ ታስታውኪያለሽ!››

አዳራሹ ሙሉ ሳቀ። እትዬ መርፌም አፏን እየጠረገች ሳቀች። ለካስ ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው።

ሚጣ ማቅለሽለሹ አልፎላት፣ ጉንጯ ሞልቶ፣ ሆዷ በቀሚሷ ላይ ብቅ ሲል እትዬ መርፌ አንድ ቀን የጥጥ ፍራሽ ላይ ተንበርክካ ትሰፋ ነበር። በመርፌው ወጋች፣ ጎተተች። ድንገት ከእምብርቷ በታች አንድ ነገር ነካ አደረጋት። ከላይ አይደለም፤ ከውስጥ ነው። ትንሽ ዓሣ ጭራዋን እንደምታወዛውዝ ያለ። እጇ አየር ላይ ቀረ። ጠበቀች። ደገማት።

ሃያ ምናምን ዓመት ያለፈው ነገር ነው፤ ግን ሰውነት አይረሳም። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ፍራሹ ላይ ቁጭ አለች።

‹‹ምን ሆንሽ?›› አለች ጓደኛዋ ከወዲያ ማዶ።

‹‹ወገቤን ነው›› አለች እትዬ መርፌ። ፊቷ ነጭ ሆኗል፤ ጥጡ ስለሸፈነው ማንም አላየውም።

ለባሏ የነገረችው በሳምንቱ፣ እሑድ ጠዋት፣ ግቢ ውስጥ የተቀደደ ጎማ ይዞ ሲታገል ነው። ጎሚስታው መጀመሪያ አልሰማም። ደግማ ስትነግረው ብረቱ ከእጁ ወደቀ። ቀጥሎ ሳቀ፤ ሳቁ ሆዱን አስይዞ ጎንበስ አደረገው። ከዚያ ድንገት ቀና አለ።

‹‹እውነትሽን ነው?››

‹‹የምቀልድ እመስላለሁ?››

‹‹ሠፈሩ ምን ሊለኝ ነው? ‹ጎሚስታው ጎማ ሲነፋ ውሎ ቤቱ ገብቶም ይነፋል› ነው የሚሉኝ።››

‹‹አንተ የአፍህን ቀልድ ታስባለህ። እኔ አያት ልሆን ስል እናት ሆኜ፣ ከልጄ ጋር እኩል ሆድ ገፍቼ የት እገባለሁ?››

ጎሚስታው ቀረብ አላት። የጠቆረ እጁን በሱሪው ጠራርጎ ትከሻዋ ላይ አደረገው። ‹‹ቢያንስ ሂጂና ታዪ›› አለ።

‹‹ሚጣ ትውለድልኝና እሄዳለሁ።››

ያቺ ሲስተር ምን ትለኛለች ብላ ነው። ልጇን ይዛ ስትሄድ አጠገቧ ተቀምጣ የእናት ፊት ታሳይ የነበረች ሴት፣ አሁን በራሷ ሆድ ተሰልፋ ልትቆም? እፍረት ያዛት። ከእፍረቱ በታች ደግሞ ሌላ ነገር ነበር። ጭንቀቷን ሁሉ ለሚጣ ሰጥታ ጨርሳለች፤ ለራሷ የሚተርፍ አልነበራትም።

ለሚጣ መንገሩ ከሁሉ ከበዳት። ልጅቷ ስትሰማ በመጀመሪያ ዓይኗን አፈጠጠች፤ ከዚያ እንደ አባቷ ሳቀች። ሳቋ ግን ሳያልቅ ወደ ልቅሶ ዞረ።

‹‹እማዬ፣ እኔ ስወልድ ማን ነው የሚያርሰኝ? አንቺ ራስሽ እኮ ልትታረሺ ነው።››

‹‹እኔ አርስሻለሁ። እኔ መች ተኝቼ አውቃለሁ?››

‹‹ስወልድ እንኳ ለብቻዬ ትሆኚልኛለሽ ብዬ ነበር›› አለች ሚጣ። ወዲያው ተፀፅታ የእናቷን እጅ ሳመች። ቃሉ ግን ከአፍ ወጥቷል።

በዚያው ሰሞን የጎሚስታው አክስት ሊጠይቋቸው መጡ። በሸንበቆ ዱላ የሚሄዱ፣ ዓይናቸው የደከመ፣ ጆሯቸው ግን ሁሉን የሚሰማ ሴት ናቸው። ወንበር ቀርቦላቸው ተቀመጡ። ወሬውን ሰምተው እንደመጡ ከአነጋገራቸው ያስታውቃል። አንዴ ወደ ሚጣ፣ አንዴ ወደ እትዬ መርፌ ዞሩ። ዱላቸውን ተደግፈው፣ ‹‹አንድ ጣራ ሁለት እርጉዝ አይችልም›› አሉ።

‹‹ምን ማለትዎ ነው እትዬ?›› አለ ጎሚስታው።

‹‹ያየሁትን ነው። እናትና ልጅ ባንድ ጣራ ካረገዙ አንዱ ይወጣል። አሁኑኑ ልጅቷን ወደ አማቶቿ ስደዱ።››

‹‹እትዬ፣ ሻዩ ይቀዘቅዝብዎታል›› አለ ቀለም ቀቢው፣ ነገሩን ለማለዘብ። አክስትዬው ሻዩን ጠጡ፤ ዱላቸውን ይዘው ሄዱ። ቤቱ ግን ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው አልሆነም። ጎሚስታው ‹‹የአሮጊት ወሬ›› ብሎ አጣጣለው፤ እሱም ግን ጣራውን ቀና ብሎ ሲያይ እትዬ መርፌ አይታዋለች።

እሷ ምን አደረገች? መኪናዋ ላይ ቁጭ ብላ፣ ፔዳሉን እየረገጠች፣ ከንፈሯ ሳይንቀሳቀስ ለመነች። ‹አንዱ የሚወጣ ከሆነ የእኔ ይውጣ። ሚጣን ተዋት። ይሄን ያልጠራሁትን ውሰደው።› እንዲህ ብላ በጨረሰች ቅጽበት ያ ትንሽ ነገር ከውስጥ በእግሩ መታት። ፔዳሉን አቆመች። ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ፣ ‹‹አላልኩም፣ አላልኩም›› ስትል ጓደኛዋ ሰምታ ‹‹ከማን ጋር ነው?›› ብላ ጮኸችባት።

የመጨረሻዎቹ ወራት መጡ። ሚጣ ሲስተር እንዳለችው ሆነች፤ ቃር፣ ወገብ፣ ሽንት ቤት። ደረጃ ስትወጣ ግድግዳ ትይዛለች። እትዬ መርፌ ጠዋት ጠዋት እግሯን መጫኑን ቀጥላለች። የሚጣ ቁርጭምጭሚት እንደ ሸንበቆ ቀጭን ነው፤ ጉድጓድ የለውም። ‹‹እሰይ›› ትላለች፤ ከዚያ ተነስታ የራሷን ጫማ ልታደርግ ትሞክራለች። ጫማው አልገባ ይላታል። የጎሚስታውን ሰፊ ነጠላ ጫማ አድርጋ ትወጣለች። ‹‹ፔዳሉ ነው›› ትላለች። የጋብቻ ቀለበቷ ጣቷን አንቆ ሲያስቸግራት በሳሙና አወጣችውና መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠችው። ‹‹ሙቀቱ ነው።›› ከሰዓት በኋላ ከማጅራቷ ተነስቶ እስከ ግንባሯ የሚደርስ ራስ ምታት ሲጀምራት፣ ‹‹ማስቲሹ ነው›› ትላለች። ለእያንዳንዱ ምልክት ስም ነበራት፤ ከትክክለኛው ስሙ በስተቀር።

አንድ ቀን ጓደኛዋ ቢላዋዋን አስቀምጣ አጠገቧ መጣች። ‹‹ሴትዮ፣ ፊትሽ ምን ሆኗል? መርፌ ብለን የሰየምንሽ ትራስ ሆነሽ ቁጭ አልሽ እኮ።››

‹‹ያረገዘች ሴት አይተሽ አታውቂም?››

‹‹አይቻለሁ። እንዲህ ያለች ግን አላየሁም።›› ጓደኛዋ አልሳቀችም። ‹‹የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች እንዳይሆንብሽ።››

እትዬ መርፌ ዞር አለችና መኪናዋን አስነሳች። በዚያ ሳምንት ሚጣ ላይ ጥቂት ደም ታየ። ቤቱ ተርበደበደ። ቀለም ቀቢው ቀለም በነካው ልብሱ እየሮጠ ታክሲ ይዞ መጣ፤ እትዬ መርፌ የልጇን እጅ ጨብጣ፣ ‹‹አይዞሽ፣ አይዞሽ›› ስትል መንገዱን ጨረሰች። ሲስተር መርምራ፣ የሕፃኑን ልብ አዳምጣ፣ ‹‹ምንም አይደለም፤ ግን ትተኛ፤ ከባድ ዕቃ አታንሳ›› አለች። ሁሉም ተነፈሰ። ያኔ ሲስተር ወደ እናትየው ዞረች። ቀና ብላ ፊቷን አየቻት፤ ዝቅ ብላ ነጠላ ጫማውን አየችው።

‹‹እርስዎስ እናቴ? ስንት ወርዎ ነው?››

እትዬ መርፌ ሻርፗን ወደ ፊት ሳበችው። ‹‹እኔ ደህና ነኝ።››

‹‹ይቀመጡ፣ ግፊትዎን ልለካዎት።››

‹‹ልጄን ላስተኛት። ነገ እመጣለሁ።››

‹‹ነገ ጠዋት። አደራ።››

በማግስቱ ጠዋት የሚጣን እግር ስትጫን አረፈደች። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ለአንድ ሆስፒታል የሚሆን ትልቅ የፍራሽ ትዕዛዝ ደረሰ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ፤ እትዬ መርፌ የፈራችው ሊደርስ መንገድ ላይ ነበር። በየትኛው በር እንደሚገባ የሳተችው እሷ ናት።

ሚጣን ምጥ የያዛት በጠራራ ፀሐይ ነው። የሽርት ውሃዋ ልብስ ስታሰጣ ፈሰሰ። ጤና ጣቢያ ወሰዷት። ጎሚስታውና ቀለም ቀቢው በር ላይ ቀሩ፤ እትዬ መርፌ ኮሪደሩ ውስጥ፣ ከማዋለጃው በር ፊት ለፊት፣ የእንጨት አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ከጠዋት ጀምሮ ራሷን ይወጋት ነበር። አሁን ደግሞ ከጎድን አጥንቷ ሥር፣ በቀኝ በኩል፣ የሚጨመድድ ሕመም መጣ። ከውስጥ የሚጣ ጩኸት በተሰማ ቁጥር ሕመሙን ትረሳዋለች። ኮሪደሩ ጫፍ ካለው መስኮት የሚገባው ብርሃን መብረቅ መብረቅ ይላት ጀመር። ዓይኗን ጨፈነች፤ ብልጭታው ግን ከተጨፈነው ዓይኗ ውስጥም አለ።

ያኔ አወቀች። እህቷ የነገረቻት ብልጭታ ይኸው መሆኑን አወቀች። ልትጣራ አፏን ከፈተች፤ በዚያው ሰዓት ግን ከበሩ ወዲያ ሚጣ ‹‹እማዬ!›› ብላ ጮኸች። ሲስተር ልጄን ትታ ወደ እኔ ትመጣለች ብላ ፈራች። አፏን ዘጋች። ትንሽ ልታገስ፣ ትወለድልኝና ብላ አግዳሚውን በሁለት እጇ ጨበጠች።

ሕፃኗ አለቀሰች። በሩ ተከፈተ። ሲስተር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዛ ወጣች፤ ጎርናናው ድምጿ ደስ ብሎታል።

‹‹ሴት ናት! እናቷም ደህና ናት። ይምጡ፣ ይያዟት።››

እትዬ መርፌ ተነሳች። እጇን ዘረጋች። ሲስተር ሁለት ሆነችባት፤ ሁለቱም ጨለሙ። ሲስተር ሕፃኗን ወደ ደረቷ መልሳ እንዳቀፈቻት ሴትዮዋ በጎኗ ወደቀች፤ ጥርሷ ገጠመ፤ መላ ሰውነቷ መንቀጥቀጥ ያዘው። ‹‹መርፌውን አምጡ! አምቡላንስ ጥሩ!›› የሚለው ጩኸት ማዋለጃው አልጋ ድረስ ተሰማ። ሚጣ እግሮቿ ገና እየተንቀጠቀጡ፣ ‹‹ማናት? ማናት የወደቀችው?›› እያለች ጠየቀች። እናቷ መሆኗን ያወቀችው ከአባቷ ድምፅ ነው። ጎሚስታው ሲያለቅስ ሰምታው አታውቅም ነበር።

በትልቁ ሆስፒታል ሆዷን ከፍተው ልጁን አወጡት። ወንድ ነው። ክንድ አይሞላም፤ ቆዳው እንደ ወረቀት ስስ፣ ቀይ ነው። አላለቀሰም፤ እንደ ድመት ግልገል አንዴ ብቻ ሚያው አለ። ማሞቂያ ውስጥ አስገቡት። እናቱ ደግሞ ሌላ ፎቅ ላይ፣ በቱቦ ተከብባ፣ ሳትነቃ ሰነበተች። ሐኪሙ ጎሚስታውን ወደ ጎን ጠርቶ፣ ‹‹ለሁለቱም ዛሬ ቃል አልሰጥህም›› አለው። ጎሚስታው በየቀኑ የማሞቂያው ክፍል መስታወት ጋ ሄዶ ይቆማል። እንዲነካው ሲፈቅዱለት እጁን በሳሙና አሸት አሸት አድርጎ አጠበ፤ የጎማው ጥቁረት ከጥፍሩ ሥር አልወጣለትም። ነርሷ ጓንት ሰጠችው። በጓንት ውስጥ በአንድ ጣቱ የልጁን ተረከዝ ነካ፤ ወዲያው እጁን መለሰ።

ወተት የመጣው ከማን ነው ብትሉ ከሚጣ ነው። አራስ ናት፤ ስፌቷ ገና አልደረቀም። ሕፃኗን ለአማቷ ትታ፣ ቀለም ቀቢው ደግፏት፣ አውቶቡስ ተሳፍራ ትመጣለች። ሐኪሞቹ መርምረዋት ‹‹ይሁን›› ካሉ በኋላ፣ ጥግ ላይ ካለው መጋረጃ ጀርባ ተቀምጣ ጡቷን በትንሽ ዕቃ ታልባለች። ጠብታ ጠብታ እያደረጉ በቱቦ ይሰጡታል። አንዲት ነርስ ‹‹ልጅሽ ነው?›› ስትላት፣ ‹‹ወንድሜ ነው›› አለች። ነርሷ ተሳስታ የሰማች መስሏት ደግማ ጠየቀች። ሚጣ ደግማ ‹‹ወንድሜ ነው›› አለች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እትዬ መርፌ ስትነቃ ዓለም ጭጋግ ነበር። ሰው መኖሩን በድምፅ እንጂ በዓይን አታውቅም። መጀመሪያ የጠየቀችው ‹‹ሚጣስ?›› ብላ ነው።

‹‹አጠገብሽ ነኝ።››

‹‹ልጅሽስ?››

‹‹ቤት ናት፣ ደህና ናት።››

ስለ ሦስተኛው ለመጠየቅ ድፍረት አላገኘችም፤ ለምኜ የሰጠሁት ነው ብላ ደምድማለች። ሚጣ ራሷ ነገረቻት። ‹‹ወንድ ነው። እየታገለ ነው። የእኔን ወተት ነው የሚጠጣው።›› ከእትዬ መርፌ የማያይ ዓይን እንባ ፈሰሰ። ሚጣ አልጠረገችላትም። ቁጣዋ ገና ትኩስ ነበር።

‹‹ምልክቱን ታውቂው ነበር›› አለቻት። ‹‹ጠዋት ጠዋት እኔ እግር ላይ ስትፈልጊው የነበረውን። ሲስተር ስትናገር አብረን ነው የሰማነው። ለምን?››

‹‹አንቺን ሳይ ራሴን አላየሁም።››

‹‹እኔ እንዲህ አድርጊልኝ አላልኩሽም፣ እማዬ። ልጄ በተወለደችበት ደቂቃ አንቺ ስትወድቂ ነው የሰማሁት። ዕድሜ ልኬን የልጄን ልደት ሳስብ የማስበው እሱን ነው።››

እናት እጇን በጭጋጉ ውስጥ ወደ ልጇ ድምፅ ዘረጋች።

የዓይኗ ጭጋግ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያለ ሳሳ፤ የግራ ዓይኗ ግን ሙሉ በሙሉ አልጠራም። ግፊቷም እንደ ድሮው አልተመለሰም፤ ጠዋት ጠዋት ክኒን ትውጣለች። ልጁ ከማሞቂያው ወጣ፤ ታመመና ተመልሶ ገባ፤ እንደገና ወጣ። ከወራት በኋላ በሻርፕ ተጠቅልሎ ቤት ሲመጣ የእህቱን ልጅ ግማሽ አያህልም ነበር። አክስትዬው በሸንበቆ ዱላቸው መጥተው ወንበር ላይ ተቀመጡና፣ ‹‹አላልኩም?›› አሉ።

‹‹ብለዋል›› አለ ጎሚስታው። ‹‹ግን ማንም አልወጣም እትዬ። እነሆ፣ ሁላችንም እዚሁ ነን።››

አክስትዬው ልጁን አቅርበው በደከመ ዓይናቸው ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ቀና ብለው ጣራውን አዩ።

እትዬ መርፌ ፍራሽ ቤት ተመልሳለች። ፔዳል መርገጥ ስለተከለከለች በእጇ የሚሰፋውን ብቻ ትሠራለች። የሚጣ ልጅ ቁጭ አለች፣ ዳኸች፣ ወንበር ይዛ ቆመች። የልጁ አንገት ገና አልጠናም። ሲስተር በየወሩ ታየዋለች፤ ‹‹ያለ ጊዜው የመጣ ነው፣ እንጠብቅ›› ትላለች፤ አሁን ግን ስትናገር ወደ እናቱ አታይም። ሚጣ ሁለቱንም ጡት ታጠባለች። ከእናቷ ጋር ታወራለች፣ ትስቃለችም፤ ስለዚያ ቀን ግን አያነሱትም። ማታ ላይ ሕፃናቱን ፍራሽ ላይ ጎን ለጎን ያስተኟቸዋል። ልጅቷ ትወራጫለች፣ ትጮኻለች፣ የአጎቷን ፊት ትቧጭራለች። እሱ ጣራውን እያየ ዝም ይላል። እትዬ መርፌ በደህናው ዓይኗ በኩል እንዲሆንላት ዞር ብላ ትቀመጥና፣ ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል፣ ከፍ ዝቅ ሲል ትጠብቀዋለች።